ወይዘሮ ቆይ እና አሥራ ሰባት ቁጥር አውቶቡስ

ሰፈሩ የሚያውቃት ‹‹ወይዘሮ ቆይ›› በሚለው ስም ነው። ትክክለኛ ስሟን የሚያውቅ ካለ ከክፍሏ በታች የሚሠራው ልብስ ሰፊ ብቻ ነው፤ እሱም ሲጠይቁት ‹‹ላይ ናት፣ ውጡ›› ከማለት በቀር ትንፍሽ አይልም። ሥራዋ ኮምፒዩተር መጠገን ነው። ደንበኛ ሁሉ ገና በር ላይ ቆሞ ብልሽቱን ራሱ መተንተን ሲጀምር፣ እጇን አንስታ ‹‹ቆይ፣ መጀመሪያ ተቀመጥ›› ትለዋለች። ስሙ የወጣላት ከዚያ ነው።

እኔ ደግሞ ችኩል ሰው ነኝ፤ ሚስቴ ትመሰክራለች። ስለዚህ ወይዘሮ ቆይን መጀመሪያ ባየኋት ቀን ልብ አድርቅ ሴት ሆና ነው ያገኘኋት። ዛሬ ግን ስለ እሷ ክፉ የሚናገር ሰው ካለ ከእኔ ጋር ነው የሚጣላው።

ወደ እሷ የወሰደኝ የአማቴ ጌም ነው። አማቴ፣ የሚስቴ አባት ማለቴ ነው፣ ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድተዋል፤ አብዛኛውን ዘመን በአሥራ ሰባት ቁጥር መስመር ላይ። ኋላ ዓይናቸው ሩቁን አላይ አለና መንጃ ፈቃዳቸውን መለሱ። ቅርብ ያለ ነገር ግን ያያሉ። ሚስቴ ለጊዜ ማሳለፊያ ብላ የአውቶቡስ መንዳት ጌም ኮምፒዩተራቸው ላይ ጫነችላቸው። ጌሙ ውስጥ የራስን መስመር መሥራት እንደሚቻል ያወቁ ዕለት ነገሩ ጨዋታ መሆኑ ቀረ። ሦስት ዓመት ሙሉ አሥራ ሰባት ቁጥርን ሠሩት። ሃያ ሁለቱም ፌርማታ አለ፤ የዳቦ ቤቱ መታጠፊያ አለ፤ ዝናብ ሲጥል ውሃ የሚያቁረው ጉድጓድ እንኳ ቦታው ላይ አለ። ጠዋት ጠዋት ተላጭተው፣ ሸሚዛቸውን ለብሰው፣ የፕላስቲኳን መሪ ጠረጴዛው ላይ አስረው ከመጀመሪያው ፌርማታ እስከ መጨረሻው ይነዳሉ። አንድም ቀን አርፍደው አያውቁም።

እኔ እንግዲህ ቢሮ ውስጥ ፕሪንተር ወረቀት ሲነክስ የምጠራ አዋቂ ነኝ። ጉድ የሠራችኝ ይህች አዋቂነቴ ናት። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ‹‹አባባ፣ ኮምፒዩተርዎ አርጅቷል፤ አዲሱን ሲስተም ልጫንልዎት›› ብዬ አፕግሬዱን አስጀመርኩና፣ ረጅም ሰዓት ስለሚወስድ ጥያቸው ወደ ቤቴ ሄድኩ። እሑድ ስመለስ አዲሱ ሲስተም ገብቷል፤ ጌሙ ግን አይከፈትም። ሲነኩት ስክሪኑ አንዴ ድርግም ይልና ተመልሶ ይበራል። ደሜ ፈላ። ‹‹አንድ ነገር ነክተዋል፤ ምን ነኩ?›› ብዬ ጮህኩባቸው።

‹‹ምንም›› አሉ።

በዚያው ሳምንት ሁለት ጥገና ቤት ሄድኩ። የሁለቱም መልስ አንድ ነበር፦ ፎርማት ይደረግ፣ ጌሙ እንደ አዲስ ይጫናል። ፎርማት ማለት ውስጥ ያለውን ሁሉ ጠርጎ ከባዶ መጀመር ነው። ጌሙ ይመለሳል፤ አሥራ ሰባት ቁጥርን ግን ውሃ ይበላዋል። ይህን ለአማቴ ስነግራቸው ‹‹እንግዲህ ይቅር›› አሉ። ከዚያ ወዲህ መላጨት ተዉ። ሚስቴ ቁርስ ልታደርስ ስትሄድ በፒጃማ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ግድግዳ ሲያዩ ታገኛቸው ጀመር።

‹‹አንተ ነህ ያመጣኸው፤ አንተው መልሰው›› አለችኝ።

ሱሪዬን ሊያሳጥርልኝ የወሰደው ልብስ ሰፊ ይህን ሳማርር ሰምቶ ወደ ደረጃው ጠቆመኝ። በማግስቱ፣ ሰኞ፣ ሄድን። ሲፒዩውን እኔ ተሸከምኩ፤ መሪውን ግን አማቴ ለማንም አላስነካም ብለው ታቅፈው መጡ።

ክፍሏ ጠባብ ናት። አንድ መስኮት፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ ብሎኖች በየዓይነታቸው የተለቀሙባቸው የጠርሙስ ክዳኖች። መደርደሪያው ላይ ግን መጽሐፍም መለዋወጫም የለም፤ ዳር እስከ ዳር ባለ ካሬ መስመር የተማሪ ደብተር ነው። አርባ ሦስት ቆጠርኩ። አርባ አራተኛውን ከፈተችና ብዕሯን ይዛ፣ ሲፒዩውን ዞር ብላ እንኳ ሳታየው፣ አማቴን ‹‹አባባ፣ ይሄ ነገር ቢጠፋ ምን ያጣሉ?›› አለቻቸው።

አማቴ እንዲህ ተብለው ተጠይቀው አያውቁም። ትንሽ አሰቡና ስለ አሥራ ሰባት ቁጥር ይነግሯት ጀመር። ሃያ ሁለቱን ፌርማታ አንድ በአንድ ሲጠሩላት አንድ በአንድ ጻፈች። እኔ ሰዓቴን አየሁ። ወደ ሥራ መመለስ ነበረብኝ፤ ‹‹እህቴ፣ ችግሩ እኮ ያን ቅዳሜ አስጀምሬ ትቼው የሄድኩት አፕግሬድ ነው›› አልኳት።

‹‹ቆይ›› አለችኝ። ከዚያ ወደ እሳቸው ዞራ፣ ‹‹ቅዳሜ ዕለት፣ ልጅዎ ከሄደ በኋላ ስክሪኑ ላይ ምን አዩ?››

አማቴ እኔን አዩኝ። ‹‹ምንም›› አሉ።

‹‹ስክሪኑ በርቶ ነበር ወይስ ጠቁሮ?››

እንደገና እኔን አዩኝ። ‹‹እኔ እንጃ።››

ብዕሯን አስቀመጠች። ‹‹ወንድሜ፣ የሞኒተር ገመድ አንሶኛል። ከመንገዱ ማዶ ካለው ሱቅ ጫፉ ሰማያዊ የሆነውን ገዝተህልኝ ትመጣለህ?›› አለችኝ። እያጉረመረምኩ ወረድኩ። ሱቁ ሰልፍ ነበረው፤ ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ።

እኔ በሌለሁበት የተባባሉትን የሰማሁት ኋላ ከአማቴ ነው። ስለ ኮምፒዩተር አንድም ቃል አልጠየቀቻቸውም። ‹‹አባባ፣ ማታ አውቶቡሱን ሲያቆሙ ምን ምን ያደርጉ ነበር?›› ነው ያለቻቸው።

‹‹ሞተር አጠፋለሁ፣ የእጅ ፍሬን እይዛለሁ፣ ባትሪውን አቋርጣለሁ። ለቆመ መኪና ኤሌክትሪክ አይተውለትም።››

‹‹ኮምፒዩተሩንስ?››

በሩን አዩ፤ እኔ ገና አልተመለስኩም።  ከዚያ ነገሯት። ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ስክሪኑ ድርግም አለ፤ ሥራውን ጨርሶ የጠፋ መሰላቸው፤ እንደ ልማዳቸው ሶኬቱን ከግድግዳው ነቀሉት። አፕግሬዱ ግን መሐል ላይ ነበር። እሑድ ጠዋት ሲሰኩት ራሱን ጠግኖ፣ አዲስ ሰው እንደሚቀበል ሁሉ ስማቸውን ጠየቃቸው። ስማቸውን ጻፉ፤ ከዚያ እኔ መጣሁና ጮህኩ።

‹‹ለእሱ አትንገሪው ልጄ›› አሏት።

‹‹ምን አግብቶኝ፤ ይሄ የእርስዎ ነው›› አለቻቸው።

ገመዱን ይዤ ስመለስ አመስግና ተቀበለችኝና መሳቢያዋን ከፈተች። ውስጡ ጫፋቸው ሰማያዊ የሆነ ገመዶች እንደ ጉድ ተከምረዋል። ዓይኔን ስታይ ‹‹ለመጠባበቂያ›› አለችና የእኔንም ጨመረችበት። የዚያን ጊዜ ገመድ የምታጠራቅም ሴት መሰለችኝ።

ከዚያ ሥራ ጀመረች። መጀመሪያ ሃርድ ዲስኩን እንዳለ ሌላ ዲስክ ላይ ገለበጠችው፤ ቢበላሽም ቅጂው ይበላሽ ብላ። በአንድ ጊዜ ከአንድ ነገር በላይ አትነካም። አንድ ትነካለች፣ ታየዋለች፣ ትጽፋለች። ጌሙ የሚፈልገው አንድ የቆየ ፋይል አዲሱ ሲስተም ላይ እንደሌለ አገኘች፤ ፈልጋ ጫነችው። ጌሙ ተከፈተ። ከወንበሬ ተነሳሁ።

ስክሪኑ ላይ ‹‹አዲስ ሹፌር፣ እንኳን ደህና መጣህ›› የሚል ወጣ። የመስመሮቹ ዝርዝር ባዶ ነው። አማቴ አንድ ጊዜ አዩትና የመሪያቸውን ሽቦ መጠቅለል ጀመሩ።  እኔ እንዲህ ሲሆን ነገሩን ቶሎ መገላገል ነው የምወደው፤ ‹‹በቃ፣ መስመሩ ጠፍቷል። ጌሙ መከፈቱም ትልቅ ነገር ነው፤ እንሂድ አባባ›› አልኩ።

‹‹ቆይ አልኩህ›› አለችኝ፤ አሁን ድምጿ ጠንከር ብሏል። እየፈለገች፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳታነሳ አወራችልን። ሃያ ሦስት ዓመቷ ላይ የሌላ ሰው ጥገና ቤት ተቀጥራ ትሠራ ነበር። አንድ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ኮምፒዩተራቸውን አመጡ፤ ሳትጠይቃቸው ፎርማት አደረገችው። ሰውየው አሥራ አራት ዓመት የየዕፅዋቱን ባሕርይ የጻፉበት ማስታወሻ ውስጡ ነበር።

‹‹ምን አሉሽ?›› አልኳት።

‹‹‘አላወቅሽም ልጄ፣ ግድ የለም’ ነው ያሉኝ። ቢሰድቡኝ ኖሮ ይሄኔ ረስቼው ነበር።›› የመጀመሪያውን ደብተር የገዛችው በዚያው ሳምንት ነው። እያንዳንዱ ገጽ የሚጀምረው ሰውየው ምን ያጣል በሚለው ጥያቄ ነው።

ይህን እየነገረችን እጇ ቆመ። ሲስተሙ ተቋርጦ ሲነሳ፣ የቀድሞውን ተጠቃሚ ዕቃ በሙሉ አንድ ፎልደር ውስጥ ከቶ ወደ ጎን አስቀምጦት ነበር። ‹‹ተቋርጦ እንደነበር ባላውቅ ኖሮ እዚህ አልፈልገውም ነበር›› አለች፤ ወደ ማንም አላየችም። እንዲህ ያለውን ፎልደር ሲስተሙ አሥር ቀን ጠብቆ ራሱ ይጠርገዋል። ያን ቀን ዘጠነኛው ነበር። እኔ ደግሞ ጠዋት ደረጃው ላይ ‹‹ትተንላት እንሂድና ሐሙስ እንውሰደው›› ስል ነበር፤ አሁን ሳስበው ላብ ያጠምቀኛል።

ፎልደሩን መጀመሪያ ገለበጠችው፤ ቀጥላ ቦታው መለሰችው፤ ጌሙን ዘግታ ከፈተችው። ዝርዝሩ ላይ አንድ መስመር ወጣ። አሥራ ሰባት ቁጥር።

አማቴ ሽቦውን ፈቱት። ወንበሩን ሳቡ፣ የሸሚዛቸውን የአንገት ቁልፍ ቆለፉ፣ መሪውን ያዙ። አውቶቡሱ ከመነሻው ወጣ። የዳቦ ቤቱን መታጠፊያ ሲያልፉ ጉድጓዱን ሸሽተው ወደ ግራ ያዙ። ወይዘሮ ቆይ አንገቷን ደፍታ ትጽፋለች። ሦስተኛው ፌርማታ ላይ ቆመው፣ በሩን ከፍተው፣ ተሳፋሪ እስኪገባ እየጠበቁ፣ ፊታቸውን ከስክሪኑ ሳይመልሱ አነጋገሩኝ።

‹‹ያን ዕለት ሶኬቱን የነቀልኩት እኔ ነኝ።››

‹‹ታዲያ ምነው አባባ፣ ያኔ ስጠይቅዎት ለምን አልነገሩኝም?››

‹‹ስለምትጮህ›› አሉኝ። እንዲሁ፣ ሰዓት የጠየቃቸው ሰው ቢኖር እንደሚመልሱለት ዓይነት።

 ገመድ ግዛ ተብዬ ለምን እንደተላክሁ ያኔ ገባኝ። እሳቸው በሩን ዘጉ፣ መስተዋቱን አዩ፣ አውቶቡሱን አንቀሳቀሱ። እኔም ወንበሬን ሳብ አድርጌ ከኋላቸው ተቀመጥኩ። የቀሩትን አሥራ ዘጠኝ ፌርማታዎች አብሬያቸው ሄድኩ፤ ቢሮም አልተመለስኩም።