አራት ጣት ከፍ ያለው መኪና

መኪናዬን አራት ጣት ከፍ ያስደረግሁት ለእናቴ ብዬ አልነበረም፤ ለእልህ ነው። ከፉሪ ወደ ሰበታ አቅጣጫ ኮረብታው ላይ ቤት የሠራን ሰዎች አንድ የጋራ በሽታ አለብን። ሴራሚኩን፣ የበሩን ቀለም፣ የአጥሩን ብረት ስንመርጥ ዓመት እንፈጅና መንገድ የሚባል ነገር ትዝ የሚለን ዕቃ ጭነን የገባን ቀን ነው። ከቤቴ እስከ አስፋልቱ ያለው ኮሮኮንች በእግር ግማሽ ሰዓት አይሞላም። መሃሉን ጎርፍ ቆርጦታል፤ ከቦዩ ወዲህና ወዲያ ድንጋይ አግጥጧል። የመጀመሪያዋ መኪናዬ እዚያ ድንጋይ ላይ ሆዷን ሦስት ጊዜ ካስቀደደች በኋላ ተሰናበትኳት።

ከዚያ ያረጀ ባለ ፎር ዊል የመስክ መኪና ገዛሁ። ሱሉልታ የሚኖር አንድ የሥራ ባልደረባ አለኝ፤ የራሱን መኪና ከፍ ካስደረገ ወዲህ ስለሱ ካላወራ ምሳ አይወርድለትም። «ከፍ ካላስደረግኸው ምኑን ፎር ዊል ሆነው?» አለኝ። ነገሩ ከነከነኝና ዓለም ገና ወዳለ አንድ ጋራዥ ወሰድኩት።

የጋራዡ ባለቤት ጸጉራቸው የሸበተ የኦሮሞ ሽማግሌ ናቸው። ሰፈሩ በሙሉ ኦቦ ነው የሚላቸው፤ እኔም ኦቦ አልኳቸው። «አካም ቡልቴ» አሉኝና ሰላምታው ሳያልቅ ጣታቸውን በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ሰክተው ክፍተቱን ለኩ። ሜትር ሲይዙ አይቼ አላውቅም።

«ስንት ጣት ልጨምርልህ?»

«አራት።»

«ከኋላ ምን ትጭናለህ?»

«ምንም። ራሴን ነው።»

ሳቁብኝ። «አራት ጣት የሚያነሳ ብረት ጭነት ካላገኘ ይዘላል። አህያም እንኳ የምትፈነጨው ባዶዋን ስትሄድ ነው።»

ይዝለል፣ አልኩ። ከፊት ሞላውን በወፍራም ቀየሩት፣ ከኋላ ባሌስትራው ላይ አንድ ብረት ጨመሩበት፣ ሾክ አብዘርበሩን በረጅም ተኩት። ያን ዕለት ቦዩን ሳልነካ ስሻገር ብቻዬን መኪና ውስጥ እልል ማለት ነበር የቀረኝ። በራችን ፊት ለፊት ሱቅ ያላት ጎረቤታችን «እስቲ ከላይ ሆነህ እይልን፣ ዝናቡ የት ደርሷል?» ብላ ቀለደችብኝ። እኔ ግን ደስ አለኝ። መቀለጃ መሆንም አንዳንዴ እንደ ሹመት ይቆጠራል።

እናቴ እኔ ቤት የገባችው በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ነው። ከዚያ በፊት ከእህቴ ጋር ነበረች። የእህቴ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው፤ ደረጃው አቃታት። ከጡቷ የተነሣው ካንሰር ወገቧ አጥንት ላይ ደርሶ ነበር። ሐኪሙ አላታለለንም። «ጨረሩ አያድናትም። ሕመሙን ግን ያስታግስላታል፤ የቀራትን ጊዜ እንቅልፍ ታገኛለች» አለን። አሥር ቀን ጨረር ታዘዘላት። ወረፋው እስኪደርስ ወራት አለፉ፤ እስከዚያው ለደሙ፣ ለምርመራው፣ ለልኬቱ ከተማ እንመላለስ ነበር። መዳኗን መመኘት ትቼ ነበር። የምመኘው አሥሩን ቀን ጨርሳ አንድ ሌሊት ሳትቃትት ሲነጋላት ማየት ብቻ ነው።

ለምርመራ ከተማ በወጣንበት በመጀመሪያው ቀን የለስላሳ ሳጥን እንደ ደረጃ አድርጌ፣ ባለቤቴ በብብቷ፣ እኔ በእግሯ ይዘን አወጣናት። ከፊት ወንበር ላስቀምጣት ስል እምቢ አለች።

«ፊት ፀሐዩ ዓይኔን ይወጋኛል። ከኋላህ ልቀመጥ።»

ከኋላዬ፣ በትክክል ከኔ ወንበር ጀርባ ተቀመጠች። ቦዩ ጋ ስንደርስ መኪናው ዘለለ።

«ደህና ነሽ እማዬ?»

«ተመስገን። ምን ሆንኩ ብለህ?»

በኛ ቤት «ደህና ነህ ወይ» ለሚል ጥያቄ ከ«ተመስገን» ሌላ መልስ የለም። አባቴ ሊሞት ሁለት ቀን ሲቀረው ለጠያቂው ሁሉ ተመስገን ሲል ነበር። ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ተመስገን ይላል፣ «የባሰ አታምጣ» ብሎም ይመርቅበታል። እኔ ይህን ሁሉ የማውቅ፣ እዚያው ቤት ያደግሁ ሰው፣ የመኪናዬን ምቾት በእናቴ ተመስገን ለካሁ። ከዚህ የበለጠ ሞኝነት ሠርቼ አላውቅም።

ዝም ብዬ ግን አልተቀመጥኩም። መጀመሪያ የጎማውን ንፋስ ቀነስኩ። «አሁንስ እማዬ?» «ተመስገን፣ በጣም ተሻለ።» ያ አልበቃኝ ብሎ ኦቦ ዘንድ ሄጄ ሁለት ጣት አስወረድኩት። በማግሥቱ ቦዩ ውስጥ የመኪናው ሆድ ድንጋዩን መታ። እንዲህ ያለ ድምፅ የሚሰማው ቤት ሲፈርስ ነው። ከኋላዬ ትንፋሿ ወደ ውስጥ ሲሳብ ሰማሁ። ዞር ስል ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ድረስ ተከናንባለች።

«ምን ሆንሽ?»

«ምንም። አንተ ደነገጥህ ብዬ ነው። መኪናው ተጎዳብህ?»

ሁለቱን ጣት መልሼ አስነሳሁት። ኦቦ በዚህ ጊዜ ከኋላው ባሌስትራ የጨመሩትን ብረት አውጥተው በሳሳ ብረት ቀየሩልኝና፣ «ሁለት ጆንያ አሸዋ ከኋላ ጫንበት። ክብደት ካገኘ ይረጋል» አሉኝ። አሸዋውን ጫንኩ። እውነትም መኪናው ረጋ። መሪውን ይዤ ስሄድ ቦዩን እንደ ጀልባ ነበር የሚያልፈው። እናቴም አላሳፈረችኝም።

«አሁንማ አልጋ ነው» አለች። «ተባረክ። እጅህን ይባርከው።»

ያን ቀን ለባልደረባዬ ስልክ ደውዬ ስለ አሸዋው ጆንያ ተኩራርቻለሁ። ይህን ስጽፍ ፊቴ ይግላል።

በዚያው ሰሞን የዕድራችን ሰብሳቢ ቤት ድረስ መጥተው፣ «ወጣቶቹ እናትህን እስከ አስፋልቱ በቃሬዛ ያውጧቸው፣ ከዚያ መኪና ውስጥ ይገባሉ። ሃያ ደቂቃ ነው፣ ተስማምተዋል» አሉኝ። መልካም ሰው ናቸው፤ ስንት ጊዜ አስበውበት እንደመጡ ያስታውቅ ነበር። እኔ ግን እናቴ በቁሟ በቃሬዛ ስትወጣ ታየኝና ሟርት መሰለኝ። ደግሞም፣ እውነቱን ልናገር፣ ያ ሁሉ የደከምኩበት መኪና ደጄ ላይ ቆሞ በሰው ትከሻ ትሂድ መባሉ ክብሬን ነካው። «መኪናውን ለሷ ብዬ አስተካክዬዋለሁ፣ ይመቸኛል ብላለች» ብዬ ሸኘኋቸው። እናቴ ከጓዳ ሆና ሰምታለች። 

ጨረሩ በአንድ ሰኞ ተጀመረ። አምስቱን ቀን ጠዋት ጠዋት ወሰድኳት፤ ቅዳሜና እሁድ አረፈች፤ በሁለተኛው ሳምንት ሰኞ ስድስተኛውን ወሰደች። ማክሰኞ ጠዋት መኪናውን አስነስቼ፣ ሳጥኑን አስቀምጬ ስገባ ጋቢዋን ተከናንባ ወደ ግድግዳው ዞራለች።

«ተነሺ እማዬ፣ ይረፍድብናል።»

«አልሄድም።»

«እንዴት?»

«በቃኝ። ጨረሩ አቃጠለኝ።»

ለመንኳት። እህቴ በስልክ ለመነቻት፣ የነፍስ አባቷ መጥተው መከሯት። ለሁሉም አንድ ቃል ነበር መልሷ፤ በቃኝ። ረቡዕ ዕለት ትዕግሥቴ አለቀና ጮህኩባት። «ስንት ወር የጠበቅነውን ወረፋ! አራት ቀን ብቻ ቀርቶሽ! እኛስ አንደክምም?» አልኳት። የምትሞት እናቴን እንደ ሰነፍ ተማሪ ገሰጽኳት። እሷ ግድግዳውን እያየች ሰማችኝ። ሌሊት ሌሊት የምታቃስተው ማቃሰት ከሁለት ክፍል በላይ ይሰማ ነበር፤ እኔም አልጋዬ ላይ ሆኜ፣ የገዛ ራስሽ ጥፋት ነው፣ እል ነበር በልቤ።

ቅዳሜ መኪናውን ይዤ ዓለም ገና ወረድኩ። ከእንግዲህ የማመላልሰው ሰው የለም፤ አሸዋውን ላውርድ፣ ብረቱንም ወደ ቀድሞው ላስመልስ ብዬ ነው። ኦቦ ፊቴን አይተው ሰላምታውን አሳጠሩት።

«እናትህስ?»

«ተወችው።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ወደ ሥራቸው ተመለሱ። «ከመፍታቴ በፊት አንዴ ልንዳው። ሲገባ ከኋላ የሆነ ነገር ይንጫጫል። አንተ ከኋላ ተቀመጥና ከየት እንደሆነ ስማልኝ።»

በስተቀኝ ያለው ወንበር ላይ የመፍቻ ሳጥናቸውን አስቀምጠውበት ስለነበር በስተግራ፣ ከሾፌሩ ጀርባ ተቀመጥኩ። መኪናው የኔ ከሆነ ወዲህ የኋላ ወንበር ላይ ስቀመጥ የመጀመሪያዬ ነበር።

ከጋራዡ ጀርባ የኛን ሰፈር የሚመስል ኮሮኮንች አለ። የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ከወንበሩ ተነሣሁ። ተነሥቼ ስወርድ ወንበሩ እየወጣ ተቀበለኝ፤ ምቱ ከታች ገብቶ በአከርካሪዬ በኩል ጥርሴ ላይ ወጣ። የኋላው ወንበር ከኋለኛው ጎማ አናት ላይ ነው፤ ብረቱ የሚመታውን ሁሉ የሚቀበለው እሱ ነው። ከፊቴ የኦቦ ትከሻ ዝም ብሏል። እሳቸው ጀልባው ላይ ናቸው። ሁለተኛው ጉድጓድ ሲመጣ እንዳልወድቅ የፊቱን ወንበር ጀርባ ጨበጥኩ፤ ጣቴ የሆነ ቀዳዳ ውስጥ ገባ። ጎንበስ ብዬ አየሁት። የወንበሩ ልብስ ስፌት ተተርትሯል፤ ከስፌቱ በላይ ቆዳው በጥፍር ተቧጭሯል። አራት ጭረት በአንድ በኩል፣ አራት በሌላው። ቀና ብዬ መስታወቱን ፈለግሁ፤ ከዚያ ቦታ የሾፌሩ ዓይን አይታይም። ሾፌሩም የተቀመጠውን ሰው ፊት አያይም።

«ፊት ፀሐዩ ይወጋኛል» ነበር ያለችኝ።

«ከየት ነው?» አሉ ኦቦ።

«ያቁሙልኝ» አልኳቸው።

አቆሙ። ጭረቱ የማን ጥፍር እንደሆነ ነገርኳቸው። ሞተሩን አጠፉ። «ኢልማ ኮ» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ «እኔ ስለ መኪና ልስላሴ ተሳፋሪ ጠይቄ አላውቅም፤ ከኋላ ቁጭ ብዬ ራሴ ነው የማየው። ያንተን ግን አላየሁም። አንተ ነህ ተመችቷታል ያልከኝ።» ወቀሳም ማጽናኛም አልነበረበትም። እንደዚህ የከበደኝ ንግግር የለም።

ምንም ሳላስፈታ ወደ ቤት ተመለስኩ። እናቴ በጎኗ ተኝታለች፣ ነቅታለች። አልጋው ጫፍ ላይ እንዳልነካት ተጠንቅቄ ተቀመጥኩ።

«እማዬ፣ መኪናው ያምሽ ነበር?»

«ኧረ ተመስ...»

«ተመስገኑን ተይው። ያምሽ ነበር ወይ?»

 ስንት ወር ሙሉ ደህና ነሽ፣ ተመቸሽ፣ አሁንስ ስላት ከርሜ፣ ያማል ወይ ብዬ ጠይቄያት እንደማላውቅ ያኔ ገባኝ።

«አዎ» አለች። «በጣም።»

«ታዲያ ምነው አልነገርሽኝ?»

«ለኔ ብለህ ስትፈታው ስትገጥመው ምን ልበልህ? ሆድ ይፍጀው ብዬ ነው። ስድስቱን ቀን ቻልኩት። ሰባተኛው ላይ ጉልበቴ አለቀ፣ ልጄ። ጨረሩ ምንም አላደረገኝም።»

አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም። ዓይኗን ጨፍና፣ ጠይቄያት ሳይሆን ከጀመረች መጨረስ እንዳለባት ዓይነት፣ መንገዱን ትነግረኝ ጀመር።

«ከበር እንደወጣን የውሃ ቱቦ የተቀበረባት አለች፤ እሷ ቀላል ናት። ከዚያ ወፍጮ ቤቱ ጋ ሁለት ተከታታይ ጉድጓድ። የመጀመሪያዋን ታያታለህ፣ ቀስ ትላለህ፤ ሁለተኛዋን አታያትም። ከዚያ ቦዩ። ቦዩን ስንገባ ሳይሆን ስንወጣ ነው። ከዚያ ትምህርት ቤቱ አጥር ጥግ ያለችው፤ እዚያ ሁሌ ማርሽ ትቀይራለህ። ከአስፋልቱ በፊት ደግሞ የመጨረሻዋ። ከሁሉም እሷ ትብሳለች፣ ደረስን ብዬ እጄን ስለምለቅ ነው።»

በየቀኑ የምነዳው መንገድ ነው። ከነገረችኝ ጉድጓዶች ሁለቱን አላውቃቸውም ነበር።

«አስፋልቱ ላይ እንኳ ታርፊ ነበር አይደል?» አልኳት። አንድ የምይዘው ነገር ፈልጌ ነው።

ዓይኗን ገለጠችና አየችኝ። ልትዋሸኝ እንደፈለገች ፊቷ ላይ አየሁት፤ ከዚያ ደከማትና ተወችው።

«አስፋልቱ ላይማ» አለች፣ «መመለሻውን አስብ ነበር።»