ጨው የጠጣው ቋሚ

በ፲፱፻፶፫ ዓ.ም. ክረምት ነበር፤ ፍልሰታ ተይዟል፣ የጭላሎ ተራራም ከደመና አልወጣም። ልጄ፣ ትናንት ለግቢው መብራትና ሶኬት ስታስገባ የማብሪያው ቀጭ ማለት ያን ነሐሴ አመጣብኝ። “እዚህ አሮጌው ቋሚ ላይ ልምታው?” ስትለኝ “እሱን ተወው” ያልኩህ በምክንያት ነው።

ያን ጊዜ ገና ጨቅላ ነበርክ። ትኩሳት ጥሎኝ ሲነሳ ጡቴ ደረቀ። የምትጠጣው የአንዲቷን ላማችንን ወተት ነበር፤ የእሷም ጥጃ ሞቶባታል። ጥጃ የሞተባት ላም እንዲሁ አትታለብም። አባትህ የጥጃውን ቆዳ ጭድ ሞልቶ ከበረንዳው ቋሚ ጋር አሰረው። እኔ ጨው እነሰንስበታለሁ፤ እሷ ልጇ መስሏት ስትልሰው ወተቷን ትለቃለች። ከቆዳው አልፋ እንጨቱንም ትልሰው ነበር። ቋሚው ጨው ከመጠጣቱ ብዛት ዝናብ ሲጥል ያልበዋል።

አማቼ፣ የአባትህ አባት፣ ዓይናቸው እየደከመ ነበር። ሲመሽ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ዳዊት ይደግማሉ። በቃላቸው ያውቁታል፤ ግን ፊደሉን ካላዩ የጸለዩ አይመስላቸውም። ኩራዙ አልበቃ ብሏቸው መጽሐፉን አፍንጫቸው ድረስ ያስጠጉታል። የከተማው የመብራት ሞተር መስመር ሰፈራችን ሲደርስ አባትህ ከሁሉ በፊት ለበረንዳው መብራት አስገባላቸው።

የመብራት ሠራተኛው ከሸዋ ተመድቦ የመጣ ሰው ነው። የጭቃው ግድግዳ ብሎን አልይዝ ሲለው ማብሪያውንም ሶኬቱንም ቋሚው ላይ በካቻቢቴ አጠበቃቸው።

“ላሚቱስ?” አልኩት።

“ምን ትሆናለች፣ እህቴ? ዳዊት አትደግም፣ መብራት አታበራ!”

አማቼ ከት ብለው ሳቁ። “አንተ፣ ከእኔ ዓይን የእሷ ይሻላል!”

ሲመሽ የሞተሩ ድምፅ ከታች ተነሳ። አባትህ ማብሪያውን ሲጫነው በረንዳው ቀን ሆነ፤ ዝናቡ እንደ ተወጠረ ክር ታየ። አማቼ መጽሐፉን ከጉልበታቸው ሳያነሱ ማንበብ ጀመሩ። “ተመስገን፤ ፊደሉ ቆሞ ጠበቀኝ” አሉ።

ላሚቱን አመጣኋት። ቆዳውን ላሰች፣ ወተቱም መውረድ ጀመረ። ምላሷን ወደ እርጥቡ እንጨት ስታነሳ ግን ጮኻ ወደ ኋላ ተወረወረች፤ ማለቢያው ተደፋ። አባትህ እባብ መስሎት ዱላ አነሳ። እኔ ቋሚውን ነካ ሳደርገው እጄን ነዘረኝ።

“እባብ አይደለም፣ መብራቱ ነው” አልኩ።

ወዲያው አጠፋነው። ላሚቱ ግን ቆዳውን ከሩቅ እያየች አልቀርብ አለች። አንተ የቀመስከው የአጥሚት ውኃ ብቻ ነው፤ ለቅሶህ አላባራ አለ። አማቼ መጽሐፋቸውን ማኅደሩ ውስጥ ከተቱት።

“ነገ ይነቀል። ሕፃን ተርቦ እኔ ላንብብ? ያየሁት ይበቃኛል።”

እኔ ግን እሺ አላልኩም። ሲያነቡ ፊታቸውን አይቼዋለሁ።

ኋላ ሠራተኛው ተመልሶ ማብሪያውን ወደ በሩ መቃን፣ ሶኬቱን ወደ ውስጥ አዛውሮታል። የብሎኑ ቀዳዳዎች ግን እስከ ዛሬ ቋሚው ላይ አሉ። አማቼ ካረፉ፣ ላሚቱም ከሞተች ስንት ዘመን ሆነ።

በዚያች ማታ ማግስት ግን ማለዳ ቆዳውን ፈትቼ ጓሮ ካለው የኮሶ ዛፍ ሥር ወሰድኩት። ላሚቱ መሬት ላይ ስታየው ፊቷን አዞረች። አማቼ እየዳበሱ መጡ። ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ጥጃውን ከእጄ ተቀብለው እንደ ሕፃን በጋቢያቸው አቀፉት። እኔ ጨው ነሰነስኩበት።

“ነይ፣ እናቴ” አሏት።

ቆማ ብዙ አሸተተች። ከዚያ መላስ ጀመረች፤ ቆዳውንም፣ የእሳቸውንም እጅ። ተንበርክኬ አለብኩ።

አንተን አጥግቤ አስተኛሁህ። ከዚያ በረንዳው ላይ በርጩማ አቁሜ ወጣሁና አምፖሉን በነጠላዬ ጫፍ ወለወልኩት።

አማቼ ኮቴዬን ሰምተው በሩ ላይ ሆነው “እየነቀልሽው ነው?” አሉኝ።

“ማታ ያነቡበታል፣ አባባ” አልኳቸው።