ጤፍ የበላ ስልክ

እዚህ እስራኤል አገር ከቂርያት ማላኪ እስከ ገደራ፣ ከገደራ እስከ ያቭነ፣ ውሃ የገባበት ስልክ ሁሉ በእኔ እጅ ነፍስ ዘርቷል። የሰመጠ መርከብ ቢያመጡልኝም አድርቄ እመልሰው ነበር። ደግሞስ ማን ይከለክለኛል? ያደረቅኩት እንኳ አንድ ስልክ ብቻ ነው፤ እሱም የራሴ፤ ከዚያ ወዲያ ጠርቶ አያውቅም።

ወሬዬ ግን ሕንጻውን አዳርሶ ኖሮ፣ አንድ ዓርብ ከቀትር በኋላ ምድር ቤት የሚኖሩት እናት ስልካቸውን በፌስታል አንጠልጥለው መጡ። ለሰንበት ወጥ ጨጓራ ሲያጥቡ ከመቀነታቸው ሾልኮ ሳፋው ውስጥ ገብቶባቸዋል። ፈርሱ በቁጥሮቹ መሃል አረንጓዴ ሆኖ ተለጥፏል። ደረጃውን ከእሳቸው ቀድሞ የወጣው ሽታው ነው።

«ልጄ፣ ዛሬ እህቴ ከጎንደር ትደውላለች። የመምጫ ፈቃዷ ወጥቶ እንደሆን ትነግረኛለች። ሰንበት ከገባ ደግሞ ስልክ አልነካም።»

«ቤሰደር፣ እሺ እናቴ፣ እኔ እያለሁ?»

ባትሪውን አወጣሁ። ውሃው ከቻርጀሩ ቀዳዳ አልወጣ ቢለኝ በአፌ መጠጥኩት። ኡፍ! የበሬው የመጨረሻ ምሳ፣ ሣሩም ስቡም፣ ለብ ብሎ ምላሴ ላይ ተኛ። ከዚያ ወዲህ ጨጓራ የቀረበበት ሰርግ ላይ በር በሩን እያየሁ ነው የምቀመጠው።

እህል እርጥበት ይስባል ሲባል ሰምቻለሁና ስልኩን ጤፍ ከረጢት ውስጥ ቀበርኩት። ሌላው በሩዝ ያደርቃል፤ እኛ ቤት ሩዝ ማን ገዝቶ ያውቃል? ቆይቼ ሳወጣው ጤፉ በየቀዳዳው ገብቶ፣ ከስቡ ጋር ተለውሶ፣ ሊጥ ሆኗል። በስንጥር ስጎረጉረው አይጥ የሞተበት ቡሆ ይሸታል።

ባለቤቴ ከቤኤር ቱቪያ ፋብሪካ ስትገባ አፍንጫዋን ያዘች።

«አንተ ሰውዬ፣ ስልክ ልትጋግር ነው?»

እናት በመስኮት ፀሐይዋን እያዩ «ልትጠልቅብኝ ነው» ይላሉ። ዓይናቸው እንባ ሞልቷል።

«ሲሙን በእኔ ስልክ አታደርግላቸውም?» አለችኝ ባለቤቴ።

«የምን ሲም?»

ባትሪው ከነበረበት ሥር አንዲት ቁራጭ ነገር መዘዘች፣ በቀሚሷ ጠረገች፣ የራሷ ስልክ ውስጥ ከተተች። «ያላ እናቴ፣ ይያዙት።»

ሰንበት ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ስልኩ ጠራ፤ እናት አነሱት። «ወጣልሽ? በይ ማይልኝ! ወጣልሽ?» ከዚያ እልልታው ሕንጻውን አናወጠው።

እኔ ጥሪውንና እልልታውን የሰማሁት መጸዳጃ ቤት ተንበርክኬ እያስመለስኩ ነው። ሲም የሚባለው ነገር ከስልክ እንደሚወጣ እስከዚያ ዓርብ ድረስ አላውቅም ነበር።