ማን አስቀድሞ ይንቀል?

ሆሳዕና ከተማ፣ በአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት የሕግ ባለሙያ ሆኜ ሥራ በጀመርኩበት ቀን አለቃዬ አንድ ክምር ሰነድ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፉልኝ። ዓለም አቀፍ የአየር ንብረት ስምምነቶች ናቸው።

"አንብቢና ለገበሬው አስረጂ" አሉኝ።

"እርስዎ አንብበውታል?"

"እኔማ ፈርሜ ተረክቤዋለሁ!" ብለው ሳቁ። ወዲያው ወደድኳቸው።

የመጀመሪያው ሥልጠናዬ ሞርሲቶ አካባቢ ባለች ቀበሌ ነበር። የቀበሌዋ ምንጭ እየደረቀ ነው። ከምንጩ በላይ የተተከለው ባህር ዛፍ ውሃውን ይመጥጠዋል። ካልተነቀለ ሴቶቹ ገደል ወርደው ከወንዝ ሊቀዱ ነው። ለስብሰባው የተጠሩት ግን አባወራዎች ናቸው።

ስምምነቱን አስረዳሁ፤ አገሮች ጭሳቸውን ለመቀነስ እያንዳንዳቸው ቃል ይገባሉ። ጥቂት ዛፍ ያላቸው አዛውንት፣ አቶ ኤርጫፎ፣ እጃቸውን አወጡ።

"ቃሉን ያልጠበቀስ ምን ይሆናል?"

"ሪፖርት ያቀርባል። የሚቀጣው የለም።"

"ታዲያ ይሄ ሕግ ነው?"

"ሕግ ነው፤ ክፍተት አለበት እንጂ።" አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ!

ወደ ባህር ዛፉ ስንመጣ ሳቁ ቆመ። አቶ ኤርጫፎ "የኔ ጥቂት ነው፤ ብዙ ያለው አስቀድሞ ይንቀል" አሉ። ከሁሉም በፊት፣ ከሁሉም አብልጠው የተከሉት አቶ ላምቤቦ ደግሞ "እኔ ስተክል ማን ከለከለኝ? ሁሉም እኩል ይንቀል" አሉ። ሰነዱ ላይ ያነበብኩት፣ ማን አስቀድሞ ጭሱን ይቀንስ የሚለው የሀብታምና የድሃ አገሮች ክርክር እንዳለ ሞርሲቶ መጥቷል! ገረመኝ፤ ፈራሁም። የዓለሙ ክርክር እስካሁን አላለቀማ።

የአቶ ላምቤቦ ባለቤት ጀሪካናቸውን በር ላይ አቁመው ሲያዳምጡ ቆይተዋል።

"የማርቆስ አባት፣ ተከራከር፣ ግድ የለም" አሉ። "ከነገ ጀምሮ ግን ወንዝ የምትወርደው አንተ ነህ።"

አቶ ላምቤቦ በዚያው ሳምንት ነቀሉ። አቶ ኤርጫፎም ሌሎቹም ማንም ሳይጎተጉታቸው ተከተሉ። ምንጩ በቀጣዩ በጋ አልደረቀም፤ ሄጄ ጠጥቼዋለሁ።

በቅርቡ የዓለም ፍርድ ቤት አገሮች የአየር ንብረትን የመጠበቅ ግዴታ አለባቸው የሚል አስተያየት መስጠቱን ሰማሁና በደስታ ለአቶ ኤርጫፎ ደወልኩ።

"ጎሽ! ታዲያ ማን ነቀለ?"

"ገና ናቸው፣ አባባ።"

"ሚስት የላቸውም እንዴ?"

ለአዳዲስ ባልደረቦቼ የምነግራቸው አንድ ነገር ነው፦ ስብሰባ ስትጠሩ ውሃ የምትቀዳዋን አስቀድማችሁ ጥሩ።