መጀመሪያ ባዶውን ስበር

በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር መለካት ነው። የሙያ ልክፍት ነው፣ አይለቅም። ክፍሉ ርዝመቱ ስድስት እርምጃ፣ ወርዱ አራት። ግድግዳው እስከ ደረቴ ድረስ አረንጓዴ ተቀብቷል፤ ከዚያ በላይ ያለውን የባሕር ጨው ልጦታል። ጥግ ላይ ቢጫ ጀሪካን፣ ከጣሪያው ሥር ደግሞ ቁራዎች እየመጡ የሚያርፉባት አንዲት የብረት ፍርግርግ ያላት መስኮት። የወደቡ መርከብ ሲጮህ ጀሪካኑ ውስጥ ያለው ውኃ ይንቀጠቀጣል።

የያዙኝ ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 6 በሚባለው ሰፈር ከተከራየሁባት ክፍል፣ ሸሚዜን እያጠብኩ ሳለሁ ነው። ሳሙናውን ከእጄ እስካለቀልቅ ጠበቁኝ። ይህን ደግነት እስከ ዛሬ አልረሳውም።

አገር ቤት፣ ከምርጫው በኋላ በነበረው ዓመት፣ ወረቀት አባዝቶ በትኗል የተባለ አንድ ኬሚስት ይፈለግ ነበር። ያ ኬሚስት እኔ ነኝ። ወረቀቱንም በትኛለሁ። ጅቡቲ ስገባ ለስደተኞች ቢሮ በእውነተኛ ስሜ አመለከትኩ፤ ወዲያው ደግሞ ፈራሁና ጠፋሁ፣ በሌላ ስም የወደብ ጫኝ ሆንኩ። ፖሊስ ጣቢያው ውስጥ ታዲያ በየቀኑ የምጠየቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር።

«ኬሚስቱ አንተ ነህ?» ይለኛል መርማሪው።

«ጫኝ ነኝ ሼፍ» እለዋለሁ፤ እዚያ አለቃ ሁሉ ሼፍ ነው።

እጄን ገልብጦ ያያል። የስድስት ወር የሩዝና የስኳር ጆንያ መዳፌን ቀንድ አድርጎት ስለነበር ይመሰክርልኛል። ነኝ ብል የሚጠብቀኝ ደወሌ ድንበር ድረስ የሚወስድ መኪና ነው። ከደወሌ ወዲያ ያለውን መጻፍ አያስፈልግም።

መርማሪው ክፉ ሰው አልነበረም። እናቱ የድሬዳዋ ልጅ ስለሆነች አማርኛው ከእኔ አይተናነስም፤ ሁልጊዜ ራሱን ያመዋል፣ ሁልጊዜም አስፕሪን ይውጣል።

በአሥረኛው ቀን ጠዋት በሩ ተከፈተና አንድ ሽማግሌ አስገቡ። ነጭ ጀለቢያ፣ ነጭ ኮፊያ፣ በሂና የቀላ ጺም። ልብሳቸው ሄል ሄል ይሸታል። ሰላምታ ሰጥተው የጀሪካኑን ክዳን አሽትተው ፊታቸውን አጨማደዱና ተቀመጡ።

«ምን አጥፍተው ነው ሐጂ?» አልኳቸው።

«ሃላዋ» አሉኝ።

የሐረር ሰው ናቸው። ማዕከላዊ ገበያ ውስጥ ሃላዋ የሚባለው ጣፋጭ የሚሸጥበት ሱቅ አላቸው፤ ከአባታቸው የወረሱት። ነገሩ እንዲህ ነው። የሐጂ ሃላዋ ከሌላው የሚለየው ወደ ብረት ድስቱ በመጨረሻ በሚጨመር አንድ ነጭ ድብልቅ ዱቄት ነው። ቤታቸው በር ዘግተው ያዋህዱትና ስም ባልተጻፈበት ፌስታል ወደ ሱቅ ይወስዱታል። ጎረቤት ነጋዴ እንዳይሰርቃቸው ምልክት አይጻፍበትም። በዚያን ቀን ጠዋት ፍተሻ ላይ ተይዘው «ይህ ምንድን ነው?» ቢባሉ «የኔ ነው» ብለው ዝም አሉ።

«ስኳር ነው አይሉም ነበር?»

«ስኳር ብቻ መች ሆነና! ስኳር ካልኩ ሌላስ ምን አለበት ይላል። እሱን ካልኩ ስንት ስንት ነው ይላል። አቦ፣ ፖሊስ አንዴ ካስጀመርከው መች ያቆማል? አባቴ ሊሞት ሲል በቁርአን አስምሎኛል። ለአንድ ሰው ብቻ ንገር ነው ያለኝ። አንድ! እኔ ለልጄ ነው ያስቀመጥኩት፣ ጊዜው ሲደርስ።»

«ለፖሊሱ ከነገሩት ያ አንድ ሰው ፖሊሱ ሊሆን ነው?»

«እሱን ነው እንጂ የምልህ!»

ሳቅኩ። ከታሰርኩ ወዲህ የመጀመሪያ ሳቄ ነበር፤ ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ። ሐጂ ግን አልሳቁም። ከአስር ሶላት በኋላ መኪና መጥቶ ወደ ትልቁ እስር ቤት ይወስዳቸዋል፤ እዚያ የገባ ተራው እስኪደርስ ወራት ይቆጥራል። ሱቁ ላይ ያለችው ልጃቸው ብቻዋን ናት፤ ድብልቁን አታውቅም፤ እሳቸው ደግሞ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል።

«ፖሊሶቹ አልቀመሱትም?» አልኩ።

«ቅመሱት ብዬ ለመንኩ። ሣጥን አመጡ እንጂ። ከውጭ አገር በእርዳታ የመጣ ነው አሉ። ትንሽ የላስቲክ ከረጢት፣ ውስጡ ቀጭን ብርጭቆ አለው። ዱቄቴን ቆንጥረው ጨመሩና ብርጭቆውን በጣታቸው ሰበሩት። ቡኒ ሆነ። ካርድ ላይ አስተያዩትና ይሄው ቀለሙ፣ ዕፅ ነው አሉኝ።»

«ሣጥኑን ከየት አወጡት?»

«ከመኪናው ኋላ።»

ጀርባዬን ግድግዳው ላይ አስደገፍኩ። ሐምሌ ነው። ጅቡቲ ውስጥ በሐምሌ የመኪና ኋላ እንቁላል ይጠብሳል። ያ ብርጭቆ ውስጥ ያለው አሲድ ነው፤ ሲሠራ እንደ ውኃ የጠራ መሆን አለበት፣ በሙቀት ከከረመ ግን ራሱ ይጠቁራል። እንዲህ ያለ ብርቱ አሲድ ደኅና ቢሆን እንኳ ስኳር ሲያገኝ ያከስለዋል። ሐጂን ያሰራቸው ዕፅ ሳይሆን የመኪናው ሙቀትና የገዛ ስኳራቸው ነበር። ይህን በዚያ ጣቢያ ውስጥ የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱም ጫኝ ነው።

አዲስ አበባ እሠራበት በነበረው የመድኃኒት መመርመሪያ አለቃችን አንዲት ቆፍጣና ወይዘሮ ነበሩ። ማቀዝቀዣው ውስጥ የሚቆልፉባቸው ትንንሽ ጠርሙሶች አሉ፤ በእያንዳንዱ ውስጥ የጣት ጫፍ የማይሞላ፣ ንጽሕናው የተረጋገጠ ዱቄት። የምንመረምረውን ሁሉ የምናስተያየው ከሱ ጋር ነው። መብራት ሲጠፋ ከልጆቻቸው በፊት ለእነዚያ ጠርሙሶች ይደነግጣሉ። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ አንድ ነገር ይነግሩታል፦ «ያልታወቀውን ከመጠየቅህ በፊት የታወቀውን ጠይቅ። ከሁሉ በፊት ግን ምንም ያልጨመርክበትን፣ ባዶውን።»

እኔ ግን ከተቀመጥኩበት አልተነሣሁም። ቀትር ሆነ። የጫት መኪና ሲገባ ከተማው ሁሉ በጥሩምባ ጮኸ፤ ጠባቂዎቹ በሩጫ ወጥተው እቅፋቸውን ይዘው ተመለሱ። ጉንጫቸው በጫት አብጦ አንድ ሽማግሌን በስኳር ከሰሱ እያልኩ በሆዴ ቀለድኩ። ቀልዱ ግን አልጣመኝም። ፈሪ መሆኔን አውቀዋለሁና አፈርኩ። ሐጂ ከጀሪካኑ ጥቂት ውኃ ለውዱእ ወሰዱ፤ ከመታጠባቸው በፊት ግን «ለአንተ ይበቃሃል?» ብለው ጠየቁኝ።

ተነሥቼ በሩን ደበደብኩ።

መርማሪው ቢሮ ውስጥ ማራገቢያው ቆሟል። ሣጥኑ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

«ያ ሣጥን ተበላሽቷል» አልኩት። «አንዱን ከረጢት ምንም ሳትጨምርበት ስበረው።»

«የቀሩኝ ስድስት ናቸው። በጫኝ ወሬ የመንግሥት ዕቃ አላባክንም። አንተ ማን ነህና?»

ይህን ጥያቄ ዐሥር ቀን ጠይቆኛል። በዐሥረኛው መለስኩለት።

«ኬሚስቱ እኔ ነኝ።»

አስፕሪኑን አስቀመጠ። ከዚያ አንዱን ከረጢት አንሥቶ በጣቱ ጨመቀው። ብርጭቆው ጧ አለ። ባዶው ከረጢት ውስጥ ቡኒ ፈሰሰ።

«ምንም አልጨመርኩበትም» አለ፣ ለራሱ።

«አሁን ሌላው ላይ ከሻይህ ስኳር ጨምር።» ቡኒ ሆነ። «አሁን ሦስተኛው ላይ አስፕሪንህን ፍቀህ ጨምር። አስፕሪን የታወቀ ነው። አሲዱ ደኅና ከሆነ ቀስ ብሎ መቅላት አለበት።»

ጠበቅን። ከውጭ የቁራ ጩኸት ይሰማል። አልቀላም፤ እንደሌሎቹ ቡኒ ሆኖ ቀረ።

«በዚህ ሣጥን ከሆነ» አልኩት፣ «ለራስ ምታትህም መታሰርህ ነው።»

ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ ቆመ። በዚህ ሣጥን ከሐጂ በፊት ስንት ሰው እንደተያዘ ማሰቡ ከፊቱ ይነበብ ነበር። ሣጥኑን ዘግቶ መሳቢያ ውስጥ ቆለፈበት። ከዚያ መዝገቡን ገለጠ። ከሐሰት ስሜ አጠገብ «ሥራ» በሚለው ሥር «ጫኝ» የተባለው ላይ በቀስታ መስመር ሳበበት።

«ልጻፈው?»

«ጻፈው። ስሜንም አስተካክለው።»

ፊደሉን አንድ በአንድ ነገርኩት። ብዙ ጊዜ ከራሴ ስሸሽ ከርሜ ነበርና ስሜን በድምፅ ስሰማ ደስ አለኝ። በዚያ ሰዓት መደሰቴ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

«ይህን ወረቀት የሚጠብቁ ሁለት ቢሮዎች አሉ» አለኝ መርማሪው። «አንዱ ወደ ድንበር ይወስድሃል። አንዱ ፕላቶ ዱ ሰርፓን ነው፣ ስደተኞች የሚመዘገቡበት።» ወዴት እንደሚልከው አልነገረኝም።

ወደ ክፍሉ ከመለሱኝ በኋላ ሐጂን ሊለቋቸው ሲመጡ ምን እንደሆነ ጠባቂው በሶማሊኛ አጫወታቸው። ፌስታላቸውን በእጃቸው ይዘው፣ መውጣቱን ትተው ወደ እኔ ተመለሱ።

«ጫኝ ነኝ አላልከኝም?»

«ብዬ ነበር ሐጂ።»

«አሁን ምን ያደርጉሃል?»

«አላውቅም።»

ጆሮዬን ያዙና ወደ አፋቸው አስጠጉት። ምን ምን እንደሆነ፣ ስንት ስንት እንደሆነ፣ የቱ ከየቱ እንደሚቀድም ነገሩኝ። ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። ጠባቂው «ወርያ፣ ሽማግሌው!» እያለ ይጮህ ነበር፤ ዞረው አላዩትም።

«ሐጂ፣ ለልጅዎ ነበር እኮ ያስቀመጡት።»

«እኔ አንድ ሰው ነው የተፈቀደልኝ» አሉ ጺማቸውን እየነኩ። «አንተን ግን ማንም አላስማለህም።»

ወረቀቱ ፕላቶ ዱ ሰርፓን ሄደ። የድሮው ማመልከቻዬ እዚያ አቧራ ለብሶ ይጠብቀኝ ኖሯል፤ ያላገኙኝ በሐሰት ስም ስለኖርኩ ነው እንጂ ሲፈልጉኝ ከርመዋል። ለመውጣት ገና አርባ ቀን ፈጀብኝ። በየጁምዓው ከሐጂ ሱቅ በወረቀት የተጠቀለለ ትኩስ ሃላዋ ይመጣልኛል፤ ግማሹን ጠባቂዎቹ ይበሉታል፣ ግማሹ ይደርሰኛል። ጣዕሙን ያወቅሁት ያኔ ነው።

ዛሬ እዚያው ከተማ፣ ወደብ አጠገብ፣ ከውጭ የሚገባ ምግብ የሚመረመርበት አነስተኛ ላቦራቶሪ ውስጥ እሠራለሁ። አዲስ ሣጥን በከፈትኩ ቁጥር የመጀመሪያውን ባዶውን እሰብራለሁ። ወጣቶቹ ብክነት ነው ይሉኛል፤ አልከራከራቸውም።

ሐጂ ባለፈው ዓመት ሞቱ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ልጃቸው ላቦራቶሪው በር ላይ ቆማ አገኘኋት።

«ጋሼ፣ አባ ሊሞት ሲል ድብልቁን ኬሚስቱን ጠይቂ አለኝ። ለምን ለእኔ እንዳልነገረኝ ግን አላወቅሁም» አለች፤ ቅሬታዋ ከድምፅዋ ያስታውቅ ነበር።

ይህን ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ የነገርኩት ለእሷ ነው። ስጨርስ እንባዋን በሻሽዋ ጫፍ ጠረገችና እስክሪብቶ ጠየቀችኝ። መጻፍ የለም አልኳት። ጆሮዋ ላይ ነገርኳት፤ ሁለት ጊዜ አስደገምኳት።

በሳምንቱ ሃላዋ በሳሕን ይዛ መጣች። ቀመስኩ።

«ሄሉ በዝቷል።»

ሳሕኑን አንሥታ ሄደች። በማግሥቱ ሌላ ሠርታ ተመለሰች። ገና ሳልውጥ ያ አረንጓዴ ግድግዳ፣ ቢጫው ጀሪካን፣ የጁምዓው ወረቀት ድቅን አሉብኝ። እሷ ፊቴን እያየች ትጠብቃለች።

«እሱ ነው» አልኳት።