ያልሰገደ ወገብ

መጀመሪያ የተሰማኝ ከግራ መቀመጫዬ የሚነሣ ውጋት ነበር። ጎንበስ ስል ይመጣል፣ ቀና ስል ይሄዳል። ብርድ ነው ብዬ ተውኩት። ጣሊያን ከተማችንን በያዘ በሁለተኛው ዓመት፣ ዐቢይ ጾም ላይ ነው። ካዛንቺስ በኩል ለሹማምንታቸው ቤት ሲሠራ እኔ ድንጋይ ተሸካሚ ነበርኩ።

ከዚያ በፊት የአንድ መኮንን መልእክተኛ ሆኜ ከቂርቆስ እንጦጦ ድረስ ሮጬ እመለስ ነበር። ትዕቢቴም ከዚያ የመጣ ነው። ሯጭ ነኝ፣ ድንጋይ እሸከማለሁ፤ ምን ጎደለኝ? የንስሐ አባቴ በየቀኑ አርባ ስግደት ቢያዙኝ፣ «አባቴ፣ ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ስሸከም መዋሌ አይበቃም?» አልኳቸው።

«ድንጋዩ ያጎብጥሃል እንጂ አያሰግድህም፣ ልጄ» አሉኝ።

ሳቅሁ። አንድ ቀንም አልሰገድኩም።

በሆሳዕና ማግስት ድንጋይ አነሣሁ። ቀና ማለት አቃተኝ። ወደቅሁ። ግራ እግሬ የእኔ አልነበረም። ጓደኞቼ በቃሬዛ ቂርቆስ ቤቴ አስገቡኝ።

ሦስት ወር ተኛሁ። መገላበጥ አልቻልኩም። ማሳል ፈራሁ። የምታነሣኝ፣ የምታጥበኝ ባለቤቴ አስካለ ናት። ሥራ የለም። እግር የለም። ሞትን ለመንኩ፤ እሱም አልመጣም። አስካለ እንዳትሰማኝ ጋቢዬን ነክሼ አለቀስኩ።

አንድ ቀን አርመን ሐኪም ይዛ መጣች። እግሬን ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ ሲያነሣው ጮህኩ።

«ሻያቲካ ነው» አለ። «ከወገብ ወደ እግር የሚወርደውን ነርቭ አንድ ነገር ተጭኖታል።»

«እድናለሁ?»

«አላውቅም። ተኝተህ ከቀረህ ግን አትድንም። ትንፋሽ አለህ፣ ጉልበት አለህ፤ መታጠፊያህ ግን ደርቋል። ሦስቱን አብረህ ካልያዝካቸው አንዱ ሌላውን ይሰብረዋል።»

ከዚያ ወዲያ አስካለ ጉልበቴን ወደ ደረቴ እየገፋች፣ እኔም ጥርሴን ነክሼ እየቆጠርኩ፣ ወገቤ በጥቂት በጥቂቱ ይላቀቅ ጀመር፤ በሐምሌ ግድግዳ ይዤ ቆምኩ፣ በመስከረም ዱላ ተደግፌ ጭቃውን እየረገጥኩ ቂርቆስ ደጅ ደረስኩ፣ ከዚያም አንድ ቀን ቤተ ክርስቲያኑን መዞር፣ አንድ ቀን ግማሽ እንስራ ውሃ ማንሣት፣ ጧት ጧት ደግሞ ያን የናቅሁትን ስግደት ቀስ እያልኩ መስገድ ልማዴ ሆነ።

በተከታዩ ዐቢይ ጾም አርባውን ሞላሁ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። አስካለም አጠገቤ ሰገደች። አንድ ጊዜ። ከዚያ መነሣት አቃታት።

«ምን ሆንሽ?»

«ምንም፣ በግራ በኩል ውጋት ቢጤ ነው። ከጀመረኝ ቆይቷል።»

ሦስት ወር ሙሉ ጎንበስ ብላ፣ ጉልበቷን ሳታጥፍ አንሥታኛለች። ወገብሽስ እንዴት ነው ያላት ሰው የለም። እኔም አላልኳትም።

ሐኪሙን አመሰግናለሁ፤ የንስሐ አባቴንም፣ ስለ ሳቄ ይቅር ይበሉኝ። እንደ እኔ የተኛህ ወንድሜ፣ የተኛሽ እህቴ፣ ስትድኑ መራመዱንም፣ ማንሣቱንም፣ መታጠፉንም አትተዉ። ከዚያ በፊት ግን የሚያስታምማችሁን ሰው ወገብ ጠይቁ፤ ጉልበቱን አጥፎ ያንሣችሁ።

አስካለን ገና አላመሰገንኳትም። አሁን የተኛችው እሷ ናት፤ ጉልበቷን ወደ ደረቷ የምገፋው እኔ ነኝ። ጥርሷን ነክሳ ትቆጥራለች። ዛሬ ሰባት ደረሰች።