በስልክ ደህና የነበሩት ልጆች

የመጀመሪያው ቀን ሰኞ ነበር። ከሆሳዕና ማዘጋጃ ቤት መዝገብ ቤት ተዛውሬ ወደ ከተማችን የእግር ኳስ ክለብ ጽሕፈት ቤት ስገባ የያዝኩት ማስመሪያ፣ ሁለት እስክሪብቶና የራሴ ስኒ ነበር። ሥራ አስኪያጁ አቶ ታምራት ቀና ብለው አዩኝ።

«ወይዘሮ አስቴር፣ ኳስ ያውቃሉ?»

«ባለቤቴ ያውቃል።»

«ፋይል መያዝስ?»

«እሱን እኔ አውቃለሁ።»

«እንግዲያው ለሁለት ትሠሩታላችሁ» ብለው አንድ ሰማያዊ ክላሴር ሰጡኝ።

የሥራ መደቡ ስም ረጅም ነው፤ በውሰት የተሰጡ ወጣት ተጫዋቾች ክትትል ባለሙያ። ክለባችን ለዋናው ቡድን ገና ያልደረሱ ልጆችን በትናንሽ ሊጎች ለሚጫወቱ ቡድኖች ለአንድ ዓመት ያውሳል። ልጆቹ እዚያ ይጫወታሉ፣ ይጠነክራሉ፤ ከዚያ ወይ ይመለሳሉ ወይ ይሰናበታሉ። በዚያ ዓመት ሰባት ነበሩ። አንጋጫ፣ ዳምቦያ፣ ሙዱላና በዙሪያው ባሉ ከተሞች ተበትነዋል። የእኔ ሥራ የእያንዳንዱን ውሎ ተከታትዬ በየሳምንቱ ማክሰኞ ሪፖርት ማቅረብ ነበር። በመደቡ ስም ውስጥ ባለሙያ የሚለው ቃል ያለ ቦታው ነው የገባው።

የመጀመሪያ ሪፖርቴን አቶ ታምራት ለዓመታት በመሳቢያቸው አኑረውት ነበር። የሚያስቃቸው ነገር ሲያጡ ያወጡታል። በስልሳኛው ደቂቃ ተቀይሮ ስለወጣ አንድ አጥቂ እንዲህ ብዬ ጽፌ ነበር፦ «አሰልጣኙ የልጁን መድከም ተመልክተው በርኅራኄ አሳርፈውታል። የምስጋና ደብዳቤ ቢጻፍላቸው።» የደብዳቤውን ረቂቅም አያይዤ ነበር።

ኳስ ያስተማረኝ ባለቤቴ ጴጥሮስ ነው። በመጀመሪያ ልጃችን ስም የማርታ አባት እለው ነበር። ይህን «ነበር» ለመጻፍ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል። ጽሑፉ ቀስ ብሎ የሚሄደው ለዚህ ነው፤ አንባቢ ይታገሠኝ።

የማርታ አባት ጂኦግራፊ አስተምሮ በጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ ሳይሥል ማስረዳት አይችልም። ከጨዋታ ውጪ የሚባለውን ነገር በምግብ ጠረጴዛችን ላይ አስረዳኝ።

«ጨው ማስቀመጫው የመጨረሻው ተከላካይ ነው። ስኳሩ በረኛ። ኳሱ ሳይለቀቅ ማንኪያዋ ከጨው አልፋ ከቆመች ጥፋት ነው።»

«ጥፋቷ ምኑ ላይ ነው? ቀድማ መድረሷ?»

«አዎ።»

«መዝገብ ቤት ቀድሞ የደረሰ ነው የሚመሰገነው።»

«ለዚህ ነዋ መዝገብ ቤት ጎል የማይቆጠረው» አለኝ። ቀጥሎም ስኒዎቹን እየሰበሰበ «ሠላሳ ዓመት ኳስ ያየሁት እኔ፣ ቢሮ የተሰጠሽ አንቺ» እያለ አጉረመረመ። ይህን ቅሬታ ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ሰምቼዋለሁ።

ሥራውን እንደ መዝገብ ቤት ሰው ነው የጀመርኩት። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ደብተር አዘጋጀሁ፤ በማስመሪያ ዓምዶች አሰመርኩ። ቀን፣ ተጋጣሚ፣ የተሰለፈበት ቦታ፣ የተጫወተው ደቂቃ፣ ካርድ። የመጨረሻው ዓምድ «ሁኔታ» ይላል። በዚህ ዓምድ እኮራ ነበር፤ የራሴ ፈጠራ ነው።

አሰልጣኞቹን ስጠይቅ ሁሉም ያደንቃሉ። ስለዚህ በየከተማው የራሴን ሰው ያዝኩ። አንጋጫ ሱቋ ከሜዳው ፊት ለፊት የሆነ ልብስ ሰፊ አለች። ሙዱላ ደግሞ የዝንጅብል ነጋዴው ጋሽ ከድር አሉ፤ የመጋዘናቸው በር የሚከፈተው ወደ ሜዳው ነው። የእኛ ቤት ቋንቋ ሀዲይኛ፣ የእነሱ ደግሞ ሌላ ስለሆነ ከሁሉም ጋር የማወራው በአማርኛ ነው። ሰላምታው ብቻ ብዙ ይወስዳል። ልጆቹ፣ ቤቱ፣ ዝናቡ፣ እንሰቱ፣ ገበያው። በመጨረሻ «ልጃችንስ?» እላለሁ።

«ደህና ነው።»

ደህና፣ ብዬ እጽፋለሁ። ከመስከረም ጀምሮ የሰባቱም ደብተር የሁኔታ ዓምድ ከላይ እስከ ታች ደህና፣ ደህና፣ ደህና ይላል። አቶ ታምራት አንድ ቀን ገለጥ ገለጥ አድርገው «የእርስዎ ልጆች ጉንፋን እንኳ አይዛቸውም?» አሉኝ።

«ክትትሉ ጥብቅ ስለሆነ ነው» አልኳቸው። ይህን ከልቤ አምኜ ነው የመለስኩት።

በዓመቱ አጋማሽ የዋናው ቡድን የግራ መስመር ተጫዋች ለቀቀ። ምትክ በፍጥነት ይፈለግ ነበር። አቶ ታምራት ጠርተውኝ «ከሰባቱ ማን ዝግጁ ነው?» አሉ።

«ሚልክያስ» አልኩ፤ አላመነታሁም።

ሚልክያስ የአንጋጫ ገበሬ ልጅ ነው፤ በውሰት የሄደው ሙዱላ ነው። ውሉ የሚያልቀው በዚያው ዓመት መጨረሻ ነበር። ይህ ጥሪ ካመለጠው ሌላ ጥሪ የለም፤ ይሰናበታል። ይህን እሱም፣ እኔም፣ ክለቡም እናውቃለን። የመጥሪያ ደብዳቤው ተጻፈ፤ የቀረው ፊርማ ነው። ጋሽ ከድር ጋ ደውዬ አዲስ ፎቶ በቴሌግራም እንዲልኩልኝ ጠየቅኩ፤ ላኩልኝ። ልጁ እየሳቀ ነው።

ፎቶውን ቤት ወስጄ ለማርታ አባት አሳየሁት። መነጽሩን አደረገና ብዙ አየው።

«የኳስ ተጫዋች ፎቶ ከወገብ በላይ ነው እንዴ? መታወቂያ ሊያወጣ ነው?»

ደብተሩን አምጪ አለኝ። በጣቱ የደቂቃውን ዓምድ ይዞ ወረደ።

«ሰማንያ። ዘጠና። ዘጠና። ከዚህ ወዲህ አምስት ጨዋታ ‹ተጫውቷል› ብቻ ነው የሚለው። ደቂቃው የት ሄደ?»

«ጋሽ ከድር ደህና ነው ብለውኛል።»

«ስንት ጊዜ አሉሽ?»

«ሦስት ጊዜ።»

«ደህና ለሆነ ሰው አንዴ ይበቃዋል። የማርታ እናት፣ ነገ እንሂድ።»

በዱራሜ በኩል አድርገን ሙዱላ ስንደርስ የገበያ ቀን ነበር። ጋሽ ከድር ከመጋዘናቸው በር ላይ ሆነው ሲያዩን ሚዛኑን ትተው ተነሡ። ሰላምታ እንኳ አላሉም። «ማን ነገራችሁ?» አሉ።

ሚልክያስ ውስጥ ነበር፤ በዝንጅብል ጆንያ ላይ ተቀምጧል። ግራ ጉልበቱ ወጌሻ በጠቀለለው ጨርቅ ውስጥ አብጦ የሁለት ጉልበት ያህል ሆኗል። ሲያየኝ ሊነሣ ሞከረና መልሶ ተቀመጠ።

«ደህና ነኝ እትዬ» አለኝ።

ከተጎዳ አምስተኛ ሳምንቱ ነው። ወደ ጋሽ ከድር ዞርኩ።

«ጋሽ ከድር፣ በየሳምንቱ እየደወልኩ!»

«በስልክ ይነገራል እንዴ እህቴ?» አሉኝ፤ የተቆጡት እሳቸው ናቸው። «እርስዎ እዚያ ቢሮ ብቻዎን ተቀምጠው። ብነግርዎት ማን አጠገብዎ አለ? ውኃ ማን ይሰጥዎታል?»

«ጉልበት ነው እኮ። ሰው አልሞተም።»

«ኳስ ተጫዋች ከጉልበቱ ሌላ ምን አለው?»

ነገሩን ችላ አላሉትም። ሁለት ሽማግሌዎች ለምነው ለቅዳሜ ሆሳዕና ድረስ መጥተው ሊነግሩኝ ተሰናድተው ነበር፤ ያውም ጠዋት፣ ቁርስ መብላቴን አረጋግጠው። «አንደኛው ሽማግሌ ኮታቸውን አሳጥበው እየጠበቁ ነው» አሉኝ። የማርታ አባት ፊቱን ወደ ጆንያዎቹ አዞረ፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አያለሁ። እኔ አልሳቅኩም። የማስበው ስለ ሰባቱ ደብተሮቼ ነበር።

የማርታ አባት ሳቁን ጨርሶ ልጁ አጠገብ ተቀመጠ።

«ደብዳቤው ቢመጣ ምን ልታደርግ ነበር?»

«ጠበቅ አድርጌ አስሬው እገባ ነበር።»

«ስንት ደቂቃ?»

ሚልክያስ እጁን ጉልበቱ ላይ ባለው ጨርቅ ላይ አደረገ።

በማግስቱ አቶ ታምራት ፊት ቆሜ ሁሉንም ተናገርኩ። ደብዳቤውን ከፊርማ መዝገቡ አውጥተው አጠፉት።

«ሌሎቹ ስድስቱስ?»

«አላውቅም።»

«ግማሽ ዓመት ደህና ናቸው ሲሉኝ ኖረው?»

«ደህና ናቸው ስላሉኝ ነው የጻፍኩት።»

ከዚያ ስለ ሚልክያስ ለመንኩ። ሐኪም እንዲያየው፣ ውሉም አንድ ዓመት እንዲራዘምለት። ቀድሜ ሄጄ ባየው ኖሮ አምስት ሳምንት ጆንያ ላይ አይቀመጥም ነበር፤ እሱ ከሚሰናበት እኔ ወደ መዝገብ ቤት ልመለስ አልኩ።

አቶ ታምራት «መዝገብ ቤት ክፍት ቦታ የለም» አሉና የውል ማራዘሚያውን እንዳዘጋጅ አዘዙኝ።

ስድስቱን በየተራ እየዞርኩ በዓይኔ አየሁ። አራቱ እውነትም ደህና ነበሩ። አንዱ ከአሰልጣኙ ጋር ተጣልቶ አንድ ወር ሙሉ ሜዳ አልረገጠም። ስድስተኛውን ፍለጋ ዳምቦያ ስወርድ ሞተር ተሳፈርኩ።

«ማንን ፈልገው ነው እናቴ?» አለኝ ባለሞተሩ።

ስሙን ነገርኩት።

«ደህና ነው» አለኝ።

ሜዳው በር ላይ አውርዶኝ ሄደ። ልጁ ኳስ ትቶ በሞተር ሰው ማመላለስ ከጀመረ ሁለት ወር እንደሆነው፣ ያደረሰኝም ራሱ እንደሆነ የነገረኝ የሜዳው ዘበኛ ነው። ፎቶው ክላሴሬ ውስጥ ነበር፤ ክላሴሩን ደግሞ በብብቴ ይዤው ነበር።

ከዚያ በኋላ የሁኔታን ዓምድ ሰረዝኩ። በምትኩ ሦስት ጥያቄ ገባ። ማን አየው? መቼ? ቆሞ ነው ተቀምጦ? ለሰዎቼ ሁሉ ይህን አስረዳሁ። ጋሽ ከድርን ማሳመን ብዙ ጊዜ ወሰደ። በመጨረሻ የኳስ ነገር ከሆነ በስልክም ቢሆን እውነቱን ሊነግሩኝ ቃል ገቡ፤ ግን የራሳቸውን ሥርዓት ጨመሩበት። መጥፎ ወሬ ያለ ቀን ከሰላምታው በፊት «ቁርስ በልተዋል?» ይሉኛል። ይህን ስሰማ እስክሪብቶዬን አነሣለሁ።

ሚልክያስ ጉልበቱን ታክሞ እስከ ዓመቱ መጨረሻ አረፈ። በቀጣዩ ዓመት በውሰት ወደ ሙዱላ ተመለሰ። ፍጥነቱ እንደ ድሮው ስላልሆነ የግራ ተከላካይ አደረጉት። የማርታ አባት በየጊዜው እየሄደ ያየው ነበር። እኔ ሪፖርት ሲበዛብኝ ቆቡን ያደርጋል፣ ደብተሩን ይይዛል፣ «ቢሮው ያንቺ፣ ሜዳው የእኔ» ብሎ ይወጣል። ደስ ይለው ነበር።

አንድ እሑድ እንዲሁ ሄደ። ሰኞ ጠዋት ቢሮ ሆኜ የጋሽ ከድር ስልክ መጣ።

«ቁርስ በልተዋል?»

እስክሪብቶዬን አነሣሁ። «ሚልክያስ ምን ሆነ?»

«ሚልክያስ ደህና ነው።»

«ማን አየው?»

«እኔ። አሁን። ቆሞ ነው፣ አጠገቤ።»

«ታዲያ?»

«የማርታ አባት ትንሽ ደክሟቸው ነው» አሉ ጋሽ ከድር።

«ቆሞ ነው ተቀምጦ?»

«እህቴ» አሉኝ፣ «እኔ ቃል የገባሁልዎት ለኳስ ነው።»

ስልኩን ሳስቀምጥ አቶ ታምራት በብርጭቆ ውኃ ይዘው ገቡ። ፋይል የሚቀመጥበትን ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ። ጋሽ ከድር ከእኔ በፊት ለእሳቸው ደውለው ነበር። ቤት ስደርስ ጎረቤቶች አንድ በአንድ «እንዲሁ ልንጠይቅሽ» እያሉ ገቡ። ጋሽ ከድር ሁለቱን ሽማግሌዎች ይዘው እስኪደርሱ ድረስ ቤቱ ሞልቶ ነበር፤ ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ ይዘውኛል። አንደኛው ሽማግሌ የለበሱት ያንኑ ኮት ነው። ጨዋታውን እንዳየ፣ ጋሽ ከድር ቤት እራት በልቶ እንደተኛ፣ ጠዋት እንዳልነቃ ነገሩኝ። በጊዜው ባላመሰግናቸውም በስልክ አልሰማሁትም።

ሚልክያስ ለቅሶ ሲመጣ ከድንኳኑ በር ላይ አየሁት። ቀድሜ ያየሁት ፊቱን አልነበረም፤ ግራ ጉልበቱን ነው። እሱም ማየቴን አይቷል። አጠገቤ ደርሶ «ደህና ነው እትዬ» አለና እያለቀሰ ጉልበቱን አጥፎ ዘረጋልኝ።

ደብተሩን ጋሽ ከድር አመጡልኝ። የመጨረሻው መስመር በማርታ አባት ጽሕፈት እንዲህ ይላል፦ «ዘጠና ደቂቃ። ራሴ አየሁት፤ ቆሞ ነው። ቦታውን ሁለት ጊዜ ለቀቀ፣ ይነገረው።» ይህን ከአንድ ወር በኋላ ወደ ሪፖርቱ ገለበጥኩት። ለልጁም ነገርኩት።

በዚህ ዓመት ሥራውን ለሌላ ሰው አስረክቤያለሁ። ለተተካችው ልጅ ከክላሴሩ ጋር የሰጠኋት ምክር አንድ ወረቀት አይሞላም። ደህና ነው ሲሉሽ ማን እንዳየው፣ መቼ እንዳየው፣ ቆሞ እንደሆነ ወይም ተቀምጦ ጠይቂ። መልሱ ካልጠራልሽ ሄደሽ እዪ። ስትሄጂ ቁርስ ብዪ።